ሞትኩ፤ ጥፋቱ የማን ነው?

ሾቭል ናይት በተባለው ጌም ውስጥ መንገዱ መሃል ላይ የመስታወት ኳስ የተቀመጠበት ምሰሶ ይገኛል። ተጫዋቹ በአጠገቡ ሲያልፍ ኳሱ ይበራል። ከዚያ በኋላ ገደል ቢገባ ወይም ጠላት ቢገድለው ከዚያው ምሰሶ ተነሥቶ ይቀጥላል። ቼክፖይንት ነው፤ ጌም የነካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የዚህኛው ልዩነት መሰበሩ ነው። ጀግናው በያዘው አካፋ ኳሱን ቢመታው ተፈረካክሶ ወርቅና ዕንቁ ይበተናል፤ ተጫዋቹ ኪሱ ይሞላል፤ ቼክፖይንቱ ግን የለም። ሦስት ክፍል አልፎ ቢወድቅ ወደ ቀደመው ምሰሶ ይመለሳል። እሱንም ሰብሮት ከነበረ ወደ ደረጃው መጀመሪያ።

ይህች ትንሽ ነገር ተጫዋቾችን ለሁለት ስትከፍል ማየት ለእኔ ከጌሙ እኩል ታዝናናኛለች። አንደኛው ወገን ማንም አላስገደደህም፣ ራስህ ሰብረህ ራስህ ሞትክ ይላል። ሌላው ደግሞ ወርቁን ዓይን ሥር አስቀምጦ አትንካ ማለት ተንኮል ነው ብሎ ይቆጣል። ወርቁ ራሱ ለሁለቱም ያን ያህል ጉዳያቸው አይደለም፤ ጌሙ ውስጥ ወርቅ ሞልቷል። የተጣሉት ሞቱ በማን ይቆጠር በሚለው ነው። በትንሽ ገንዘብ ስለሚሠሩ፣ የድሮውን መልክ ስለያዙ የመዝለልና የመፋለም ጌሞች ተጫዋቾች የሚሰጡትን አስተያየት ለዓመታት ሳነብ ይኸው ሙግት ልብሱን እየቀያየረ ይመጣብኛል። አንዴ ስለ ሥዕሉ፣ አንዴ ስለ ዋጋው፣ አንዴ ስለ ርዝመቱ የተጻፈ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ሰውየው ፍርድ እየጠየቀ ነው።

ሾቭል ናይትን ለዚህ ጽሑፍ የመረጥኩት ሒሳቡ በአደባባይ ስለሚታወቅ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የሠራው ያክት ክለብ ጌምስ የተባለ የካሊፎርኒያ ቡድን ነው፤ መሥራቾቹ ዌይፎርዋርድ ከሚባለው ስቱዲዮ ወጥተው የራሳቸውን የከፈቱ ልጆች ናቸው። መጋቢት 2013 ላይ ኪክስታርተር በሚባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ለሕዝብ እጃቸውን ዘረጉ። የጠየቁት 75,000 ዶላር ነበር፤ 14,749 ሰዎች 311,502 ዶላር አዋጡላቸው። ብዙ ይመስላል። ለስድስት ሰው ሲካፈል ግን ለእያንዳንዱ 52,000 ዶላር አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ ላይ የኪክስታርተር 5 በመቶ፣ የካርድ ክፍያው ኮሚሽን፣ ለአዋጪዎቹ ቃል የተገባው ቲሸርትና ፖስተር ይነሣል። በካሊፎርኒያ ኪራይ ይህ የአንድ ዓመት ቀለብ እንኳ በቅጡ አይሆንም። ጌሙ ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ገንዘቡ አልቆ የመጨረሻዎቹን አምስት ወራት ገደማ ያለ ደመወዝ እንደሠሩ ራሳቸው ተናግረዋል። ሰኔ 2014 መጨረሻ ላይ ወጣ፤ በመጀመሪያው ወር 180,000 ቅጂ ተሸጠ። አሳታሚ አልነበራቸውም፣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያም አልነበራቸውም። ሰው ለሰው እየተነጋገረ ነው የገዛው።

ታዲያ ሰው ለሰው ምን አለ? መጀመሪያ የሚሰማው ውዳሴ "ልክ እንደ ድሮው" የሚል ነበር። መጀመሪያ የሚሰማው ትችትም ያው ነው፤ "የድሮውን ከመቅዳት ሌላ ምን ሠሩ?" የሚል። አስቂኙ ነገር ሁለቱም ተሳስተዋል። ሾቭል ናይት ከድሮው ኔንቲዶ ማሽን ጋር ቢገጥሙት አይሠራም።

የ1980ዎቹ ባለ 8 ቢት ማሽን ማሳየት የሚችለው ከሃምሳ ጥቂት የሚበልጡ ቀለሞችን ነበር። እነሱንም ቢሆን በአንድ ጊዜ እንደልብ መጠቀም አይቻልም፤ አንዱ ተንቀሳቃሽ ምስል የሚፈቀድለት ሦስት ቀለም ብቻ ነው። በአንድ አግድም መስመር ላይ ከስምንት በላይ ተንቀሳቃሽ ቁርጥራጮች ከተሰለፉ የተረፉት ይጠፋሉ። ድሮ ጠላቶች ሲበዙ ምስሉ ብልጭ ድርግም የሚለው ለዚህ ነበር። ስክሪኑ ወደ ካሬ የተጠጋ፣ በወርዱ 256 ነጥብ ነው። ሾቭል ናይት ወርዱን ወደ 400 ነጥብ አስፍቶ ለዛሬው ሰፊ ቴሌቪዥን አስተካከለው፤ የጎደሉ የመሰላቸውን ጥቂት ቀለሞች ጨመረ፤ ብልጭ ድርግሙን ጨርሶ አስወገደው፤ ከጀርባ ያሉት ተራሮችና ደመናዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲንሸራተቱ አደረገ። ሙዚቃውን ጄክ ካውፍማን የጻፈው፣ ኮናሚ የተባለው የጃፓን ጌም ሠሪ በጃፓን ብቻ በተሸጡ አንዳንድ ካሴቶቹ ውስጥ በጨመራት ተጨማሪ የድምፅ ቺፕ አቅም ነው፤ ማሽኑ ከነበሩት አምስት የድምፅ መስመሮች ላይ ሦስት ትጨምራለች። ሜጋ ማን የተባለውን የድሮ ጌም የመጀመሪያ ክፍል ሙዚቃ የደረሰችው ማናሚ ማትሱማኤም ሁለት ዜማ አዋጥታለች። ከቡድኑ አንዱ ዴቪድ ዲ'አንጄሎ የቱን ሕግ እንደጠበቁና የቱን እንደጣሱ በዝርዝር ጽፎ አስረድቷል። ማለት፣ የደበቁት ነገር የለም።

እንግዲህ "ልክ እንደ ድሮው" የሚለው ሰው ያየው ድሮውን አይደለም። ድሮ የቀረበትን ስሜት ነው። እኛ አገር ይሄ የበለጠ ግልጽ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የነካነው "ኔንቲዶ" ራሱ ኔንቲዶ አልነበረም። ቻይና ሠራሽ ቅጂ ነበር። ካሴቱ ላይ 9999 ጌም ተብሎ ይጻፋል፤ ሲከፈት ያው ማሪዮ፣ ያው ታንክ፣ ያው ዳክዬ ስሙ እየተቀያየረ ነው። አልሠራ ሲል ካሴቱን ነቅሎ እፍ ማለት፣ የጆይስቲኩ ገመድ አጭር ስለሆነ ቴሌቪዥኑ ሥር ተደፍቶ መጫወት፣ "ሦስት ነፍስ ነው፤ ከሞትክ ለእኔ" እየተባባሉ መፈራረቅ። በዚያ ፈረቃ ውስጥ የሞት ጥፋት የማን እንደሆነ ሁልጊዜ ግልጽ ነበር፤ የጆይስቲኩ። "ቁልፉ አልሠራልኝም እኮ!" ያላለ ልጅ አላስታውስም። አንዳንዴም እውነት ነበር።

ድሮ ጌም ለምን ያን ያህል ይከብድ እንደነበር የማያውቅ ወጣት ተጫዋች ችግሩን እንደ ጥበብ፣ እንደ ወግ ይወስደዋል። ባብዛኛው ግን ንግድ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ጌሞች ብዙዎቹ የተወለዱት ሳንቲም በሚበላ ማሽን ላይ ነው፤ ቶሎ ካልገደለ ማሽኑ አይከስብም። ቤት ሲገባም አመሉ አብሮት ገባ። ከዚያ የማከማቻ መጠን ጉዳይ አለ። የ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ጠቅላላ ክብደቱ 40 ኪሎባይት ነው፤ ዛሬ ቴሌግራም ላይ ከምትላክ አንዲት ደብዛዛ ፎቶ ያንሳል። በዚያች መጠን ሰውን ለሳምንታት ማቆየት የሚቻለው ደጋግሞ በመግደል ነው። ጎስትስ ኤንድ ጎብሊንስ ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ተጫዋቹ የመጨረሻውን ጠላት ካሸነፈ በኋላ ሁሉንም ከመጀመሪያ ድገመው ይለዋል። አሜሪካ ውስጥ የጌም ካሴት ማከራየት ሕጋዊ ነበር፣ ጃፓን ውስጥ ግን ክልክል። ተከራይቶ በቅዳሜና እሁድ የሚጨርሰው ሰው አይገዛም ተብሎ ይፈራ ስለነበር ለአሜሪካ ገበያ ሲላኩ ይበልጥ የከበዱ ጌሞች አሉ። ካስልቫንያ ሦስት የታወቀ ምሳሌ ነው፤ የጃፓኑ ቅጂ ለተጫዋቹ የበለጠ ይራራል። በ1988ቱ ኒንጃ ጋይደን መጨረሻ ላይ በመጨረሻዎቹ ጠላቶች የተሸነፈ ሰው ከበሩ ላይ አይነሣም፤ ወደ ስድስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ተወርውሮ ያንን ሁሉ መንገድ ዳግም ይወጣል። ይህን የሚያደንቅ ሰው ዛሬም አለ። እኔ አላደንቀውም።

ሾቭል ናይት እዚህ ላይ ያደረገው ነገር ለእኔ የጌሙ ቁም ነገር ነው። "ነፍስ" የሚባለውን ቆጠራ ጣለው። ሦስት ጊዜ ሞተህ አለቀልህ የሚል ነገር የለም፤ የፈለገውን ያህል ይሞታል። የሚቀጣው በገንዘብ ነው። ተጫዋቹ ሲሞት ካጠራቀመው ወርቅ ከፊሉ ክንፍ ባላቸው ከረጢቶች ተሞልቶ የሞተበት ቦታ ላይ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። ተመልሶ ከደረሰባቸው ይሰበስባቸዋል፤ ሳይደርስ ዳግም ከሞተ ጠፉ። ይህን ያየ ብዙ ሰው ዳርክ ሶልስ ከሚባለው ጌም የተወሰደ ነው ይላል፤ እውነትም ይመስላል። ነገር ግን እዚህ ሌላ ጠባይ ያመጣል፤ ከረጢቶቹ አንዳንዴ ገደል አፍ ላይ ይንሳፈፋሉ። ተጫዋቹ ያያቸዋል። መተው እንደሚሻለው ያውቃል። ይዘላል።

ከዚህ ቦታ ተነሥቶ "ጌሙ ቀላል ነው" የሚሉና "ጌሙ ያሰቃያል" የሚሉ ተጫዋቾች በአንድ ጌም ላይ የጻፉ አይመስሉም። የሜጋ ማንን ልጅነት ያሳለፈ ሰው ቅጣቱ ለስላሳ ሆኖበት "ያለ ነፍስ ቆጠራ ምን ጀግንነት አለ" ይላል። ከስልክ ጌም የመጣ ወጣት ደግሞ አንዲት ክፍል ላይ ሃያ ጊዜ ሞቶ ጆይስቲኩን ሊወረውር ይደርሳል። ሦስተኛ ወገን አለ፤ ብዙ የማይጽፍ፣ ሲጽፍ ግን ትክክል የሚናገር። እሱ የሚለው፣ ሃያ ጊዜ ሞቻለሁ፣ በየአንዱ ግን ምን እንዳጠፋሁ አውቄያለሁ ነው።

ከዚያው ቤት የወጣ ሌላ ጌም ይህን ልዩነት በደንብ ያሳያል። ጥር 2021 ላይ ያክት ክለብ ሳይበር ሻዶን አሳተመ፤ የሠራው በአብዛኛው አንድ ሰው ነው፣ ለዓመታት። የኒንጃ ጋይደን ወራሽ ነው፤ ሥዕሉም ሙዚቃውም ያምራል። አስተያየቱ ግን ተሰነጠቀ። ቼክፖይንቶቹ ተራርቀዋል ተባለ። ሙሉ ጥቅማቸውን ለማግኘት ደግሞ በጉዞ የተሰበሰበ ገንዘብ መክፈል አለ፤ ጤና ለመሙላት ይከፈላል፣ ጉልበት ለመሙላት ይከፈላል። በሾቭል ናይት ቼክፖይንቱ ተጫዋቹን "ልትሰብረኝ ትፈልጋለህ?" ብሎ ያጓጓዋል፤ በሳይበር ሻዶ "እንድሠራልህ ትከፍላለህ?" ይለዋል። በሥርዓት ደረጃ ሁለቱም ገንዘብና ደኅንነትን ማመዛዘን ነው። በስሜት ግን አንዱ ቁማር ነው፣ ሌላው ቀረጥ። ቀረጥን የወደደ ሰው ደግሞ የለም። ሌላው ቅሬታ ጀግናው ደስ የሚሉ ችሎታዎቹን የሚያገኘው ዘግይቶ መሆኑ ነበር፤ ሩጫው ሲጣፍጥ ጌሙ ያልቃል። ይህ እንኳ ፍትሐዊ ትችት ነው፤ እኔም ተሰምቶኛል።

በሌላው ጫፍ የ2018ቱ ሰለስት አለ። መነሻው በ2015 በአራት ቀን የተሠራ ትንሽ ጌም ነው። ሰለስት ከሾቭል ናይት ይከብዳል፤ ሞቶ ለመነሣት የሚወስደው ጊዜ ግን የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፤ የሚመለስበትም ያው ክፍል። በዚያ ላይ ለሚፈልግ ሰው የጌሙን ፍጥነት መቀነስ፣ እንዳይሞት ማድረግ የሚቻልበት የእርዳታ ምርጫ አለው። ያ ምርጫ ሲወጣ ያስነሣው ጭቅጭቅ ልክ በሰፈር ኳስ ላይ "ጎሉን እናጥብበው" ሲባል የሚነሣው ዓይነት ነበር። እኔ ያሸነፍኩትን እሱ እንዴት በዚህ አሸነፈ ይባል? የሚሉ ነበሩ። መልሱ ቀላል ይመስለኛል፤ አልከፈትከውም፣ አልነካህም። ግን ጭቅጭቁ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ፦ ለአንዳንዱ ተጫዋች ሞት የግል ጉዳይ አይደለም፤ ሌላውም እኩል ካልሞተ የእሱ ሞት ዋጋ ያጣበታል።

ይህ ሁሉ ግን እጅ ካልታዘዘ ከንቱ ነው። "መቆጣጠሪያው አይታዘዝም" የምትለዋ አጭር ቅሬታ በእነዚህ ጌሞች ላይ ከሚጻፈው ሁሉ ከባዷ ናት፤ ምክንያቱም ፍርዱን በአንድ ጊዜ ትገለብጠዋለች። የመጀመሪያውን ካስልቫንያ የተጫወተ ያውቃል፤ ጀግናው አንዴ ከዘለለ አየር ላይ አይጠመዘዝም። ስህተቱን መሃል ላይ ሆነህ ታያለህ፤ እያየህ ትወድቃለህ። የዛሬዎቹ ሠሪዎች በተቃራኒው በድብቅ ይረዳሉ። ኮዮቴ ታይም የሚሉት ነገር አለ፤ ገደሉን አልፎ አየር ላይ ጥቂት ከሮጠ በኋላ ቁልቁል አይቶ ከሚወድቀው የካርቱን አውሬ የመጣ ስም ነው። ተጫዋቹ ከጠርዙ ከወረደ በኋላ እንኳ ለጥቂት ቅጽበት የዝላይ ቁልፉ ይሠራለታል። በሰለስት ይህ ጊዜ 0.1 ሰከንድ ነው። መሬት ከመንካቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ቁልፉን ከነካም ጌሙ ያስታውስለትና ሲያርፍ ያዘልለዋል። ዘሎ ጭንቅላቱ የጣሪያ ጥግ በጥቂት ነጥብ ቢነካ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ያሳልፈዋል። የሰለስት ሠሪ ማዲ ቶርሰን እነዚህን ዘዴዎች በ2020 ዘርዝራ ስታወጣ ብዙ ተጫዋች ደነገጠ። ሁሉን በራሱ ጉብዝና ያለፈው ይመስለው ነበራ።

ሾቭል ናይት በዚህ በኩል ሙሉ በሙሉ አይደላም። ጀግናው ሲመታ ወደኋላ ይወረወራል። ጤናው ሙሉ ሆኖ፣ አንዲት ትንሽ ጠላት ገፋ አድርጋ ገደል ትከተዋለች፤ ገደል ደግሞ ጤና አይቆጥርም። ይህ ከድሮው ሆን ተብሎ የተወረሰ ነው፤ በተደጋጋሚ ከሚነሡ ቅሬታዎችም አንዱ ነው። የሚገርመው ግን ያው ጀግና አካፋውን ወደታች አድርጎ ጠላት ራስ ላይ ሲነጥር ሰው ሁሉንም ይቅር ይለዋል። በ1989ቱ ዳክ ቴልስ ጌም ላይ ሽማግሌው ዳክዬ በከዘራው ይነጥር ነበር፤ ሐሳቡ ከዚያ ይመጣል። ከአንዱ ጠላት ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ ተንሳፋፊ አረፋ፣ መሬት ሳይነካ መሻገር ይቻላል። ቁልፉን ትነካለህ፣ አካፋው ቂው ይላል፣ ከፍ ትላለህ። ይህን በቃል ማስረዳት ያቅታል። ጌሙን የገዛው ሰው ሁሉ ለዚህች ንጥረት የከፈለ ይመስለኛል።

ክፍያ ካነሣን ስለ ዋጋ ትንሽ እንበል። ሾቭል ናይት ሲወጣ ዋጋው 15 ዶላር ነበር። "ለፒክስል 15 ዶላር?" የሚለው ጥያቄ ያኔም ነበር፣ ዛሬም አለ፤ ነጥብ በነጥብ በእጅ የሚሣል ምስል በራሱ ርካሽ የሚመጣ ይመስላቸዋል። ርዝመት ደግሞ ሌላ ሚዛን ነው። ስቲም የሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ከሰኔ 2015 ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወተ ሰው ገንዘቡን እንዲያስመልስ ፈቅዷል። ለገዢ ጥሩ ሕግ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በታች የሚያልቅ ጌም ለሠራ ሰው ግን ወጥመድ ነው። በ2021 ኤሚካ ጌምስ የተባለ ትንሽ ሠሪ፣ ሰዎች አጭር ጌሙን ጨርሰው፣ አንዳንዶቹም አመስግነው፣ ገንዘባቸውን እንዳስመለሱ ተናግሮ ሥራውን ላልተወሰነ ጊዜ እንደሚተው አስታውቆ ነበር። እሱ የሠራው የሚያስፈራ ጌም ነበር እንጂ የዝላይ አይደለም፤ ግን ነገሩ ለዚህም ዘርፍ ይደርሳል፤ የድሮውን መልክ የያዘ ጌም በጠባዩ አጭር ነው። ሠሪዎች ሳይናገሩት ጌማቸውን በመሙያ ክፍል የሚያስረዝሙት ለምን ይሆን ብዬ ጠርጥሬ አውቃለሁ።

አዲስ አበባ ላለ ተጫዋች 15 ዶላር ራሱ ሌላ ታሪክ አለው። ስቲም በብር አይሸጥም። ሐምሌ 2024 መጨረሻ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ ተመን 855 ብር አካባቢ የነበረው ይኸው ዋጋ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ከ1,800 ብር አለፈ። ጌሙ አልተሻሻለም፤ ያው አካፋ ነው። ያውም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ላለው። የሌለው ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ያስገዛል፣ ወይ በፍላሽ ይቀዳል። ስለዚህ "ዋጋው ይገባዋል ወይ" የሚለውን ጥያቄ ዲሲ ያለው ልጅና ቦሌ ያለው ልጅ በአንድ ሚዛን ሊመልሱት አይችሉም። ለእኛ ጥሩ የሆነው ሌላ ነገር ነው፤ እነዚህ ጌሞች ብዙ ኢንተርኔት አይበሉም፤ የተለየ የግራፊክስ ካርድ በሌለው አሮጌ ላፕቶፕም ይሠራሉ።

ያክት ክለብ ለዋጋ ጥያቄ የሰጠው መልስ ከልክ ያለፈ ነበር። በኪክስታርተሩ ወቅት ከጠየቅነው በላይ ገንዘብ ከተዋጣ ሦስት ከጠላቶቹ መሃል የሆኑ ፈረሰኞችን መጫወት እንድትችሉ እናደርጋለን፣ የእርስ በርስ መፋለሚያም እንጨምራለን ብለው ቃል ገቡ። እያንዳንዱ ጭማሪ ሙሉ ጌም ወጣው። ፕሌግ ኦፍ ሻዶስ በመስከረም 2015፣ ስፔክተር ኦፍ ቶርመንት በ2017፣ ኪንግ ኦፍ ካርድስና የመፋለሚያው ጌም በታኅሣሥ 2019 ወጡ። ቃል ከተገባ ሰባት ዓመት ሊሞላ ሲል ማለት ነው። መጀመሪያ ለገዙት ሁሉም በነጻ። ለአዲስ ገዢ ዋጋው በ2017 ወደ 25 ዶላር ከፍ አለ፤ እዚህም ላይ ያጉረመረመ አልጠፋም።

አስተያየቱ በየጭማሪው መለያየቱ ለዚህ ጽሑፍ ጥሩ ፈተና ነው፤ ገንዘብ ጥያቄ ውስጥ የለምና። ፕሌግ ኦፍ ሻዶስ የድሮዎቹን ደረጃዎች ደግሞ ተጠቀመ፤ ጀግናው ቦምብ እያፈነዳ ይወነጨፋል፤ እጅ ለማስለመድ ሰዓታት ይፈጃል። ብዙ ሰው ተወው፤ የለመዱት ግን ከሁሉ አስበልጠው ይወዱታል። ስፔክተር ኦፍ ቶርመንት ደረጃዎቹን እንደገና ሠራቸው፣ ጀግናው በማጭድ እየሰነጠቀ በአየር ይነጉዳል፣ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ እጅ ይታዘዛል። ያለ ጭቅጭቅ ተወደደ። ኪንግ ኦፍ ካርድስ ውስጥ የካርታ ጨዋታ አለ፤ ለዝላይ የመጣ ሰው ካርታ ሲሰጡት ግራ ቢገባው አልፈርድበትም። ነጻ መሆናቸው አንዱንም ከትችት አላዳነም።

ገንዘብ ብቻውን ምን እንደማያድን ደግሞ በዚያው 2013 ነሐሴ መጨረሻ ላይ መዋጮው የተጀመረው ማይቲ ናምበር ናይን የተባለው ጌም ያሳያል። ከሜጋ ማን ጋር ስሙ የሚነሣው ኬይጂ ኢናፉኔ በኪክስታርተር 900,000 ዶላር ጠይቆ ከ67,000 በላይ ሰዎች 3.8 ሚሊዮን ዶላር ሰጡት፤ በሌላ መንገድ የገባው ሲጨመር ከ4 ሚሊዮን አለፈ። ከሾቭል ናይት አሥር እጥፍ ይበልጣል። ቀኑ ተራዘመ፣ ዳግም ተራዘመ፤ አዋጪዎቹ ላም አለኝ በሰማይ ሆነው ሲጠብቁ ሰኔ 2016 ላይ ወጣ። ከእጅ አይሻል ዶማ። መጀመሪያ የታየው ሥዕል ሕያውና በቀለም የደመቀ ነበር፤ የመጣው ባለ ሦስት አውታር (3ዲ) ሥዕል ግን የደበዘዘ ፕላስቲክ መሰለ። ማስታወቂያው ላይ የታየ አንድ ፍንዳታ ፒዛ ስለመሰለ ለወራት መሳለቂያ ሆነ። ያው ማስታወቂያ የጃፓን አኒሜሽን ወዳጆች ላይ የሚያሾፍ ቀልድ አለበት፤ ጌሙን ያዋጡት ደግሞ ብዙዎቹ እነሱ ናቸው። ማን እንደመከራቸው እንጃ።

በዚያ ጌም ላይ የተጻፈውን ሳነብ ግን ቁጣው የገረመኝ ከሌላ አቅጣጫ ነው። ብዙዎቹ ጌሙን መጥፎ አላሉትም፤ መካከለኛ ነው አሉት። ፒክስል የሆነ፣ 300,000 ዶላር የፈጀ መካከለኛ ጌም ቢሆን ማንም ፊቱን አያዞርም ነበር። እዚህ ግን ሰው የሞተው ስክሪኑ ላይ አልነበረም፤ ሦስት ዓመት ገደማ ኢሜይሉን እየከፈተ ነበር የሚሞተው፤ ጥፋቱ ደግሞ በምንም መንገድ የእሱ አልነበረም።

ሾቭል ናይት ውስጥ ስለ አንድ ነገር ቅሬታ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። ጥቂት ደረጃዎች ካለፉ በኋላ ጀግናው እሳት ዳር ይተኛል። በሕልሙ የጠፋችበት የጉዞ ጓደኛው፣ ጋሻ የያዘችው ፈረሰኛ፣ ከሰማይ ቀስ ብላ ትወድቃለች። በዙሪያው ጠላቶች ይርመሰመሳሉ፤ እነሱን እየመታ እላይ እያየ፣ ልትደርስ ስትል እጁን ዘርግቶ መያዝ አለበት። ሳይዛት ቢቀር ምንም አይቀነስበትም። ወርቅ አይጠፋም፣ ወደኋላ አይመለስም፤ ይነቃል፣ እሳቱ ጠፍቷል፣ መንገዱን ይቀጥላል።

እኔ ሁለተኛው ሕልም ላይ አመለጠችኝ። ጌሙን ዘግቼ ከመጀመሪያው ልጀምረው ትንሽ ነበር የቀረኝ።